የሜካፕ ብሩሽ መምረጥንና መያዝን እንዴት እንደተማርኩ

ሙሽሮችን የማስዋብ ሥራ ስጀምር የነበረኝ ዋና መሣሪያ ከመርካቶ የገዛሁት፣ 24 ብሩሾች የያዘ ጥቅል ነበር። ቆዳ መሳዩ ጥቁር መያዣ ሲዘረጋ ከትልቁ የፓውደር ብሩሽ ጀምሮ እስከ ቀጭኑ የአይላይነር ብሩሽ ድረስ ሁሉም በየመጠናቸው ተደርድረው ይታያሉ። በዚያን ጊዜ የብሩሽ ብዛት የሙያ ምልክት ይመስለኝ ስለነበር፣ ፀጉራቸው ከምን እንደተሠራ ሳልጠይቅና አንዱንም በእጄ ሳልዳስስ ሒሳቡን ከፍዬ ወጣሁ።

ስህተቴን የተረዳሁት በጥር ወር፣ በአንዲት ሙሽራ ቤት ነው። ሥራ የጀመርነው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ሲሆን፣ ሙሽራው ከነሚዜዎቹ ጠዋት 3 ሰዓት ይደርሳል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። የፊትን መልክ አንድ ወጥ የሚያደርገውን ቅባት፣ ፋውንዴሽኑን፣ ቀብቼ ስጨርስ ሙሽራዋ ወደ መስታወቱ ዞር አለች፤ ያኔ በግራ ጉንጯ ላይ አንድ ጥቁር ፀጉር ተጣብቆ አየሁ። በወረንጦ ሳነሳው ፋውንዴሽኑ ላይ ቀጭን መስመር ትቶ ተነሣ፤ መስመሩን ለማጥፋት ብሩሹን ደግሜ ሳስኬደው ሌሎች ሁለት ፀጉሮች ረገፉ። እነርሱን ለቅሜ ሳልጨርስ የብሩሹ ራስ ከእንጨቱ ተነቅሎ ጭኔ ላይ ወደቀ። የሙሽራዋ እናት የያዙትን ሥራ ትተው መጡና ትከሻዬን ያዝ አድርገው «አይዞሽ ልጄ፣ ቀስ ብለሽ ሥሪ፤ ሰዓቱ ገና ነው» አሉኝ። ሰዓቱ ገና እንዳልነበረ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። የቀረውን በጣቴና በእርጥብ ስፖንጅ ጨረስኩት፤ ሙሽራዋ አምሮባት ብትወጣም፣ ሰርገኛው በእኔ ምክንያት ግማሽ ሰዓት ያህል ደጅ ቆመ።

በማግስቱ ያን ብሩሽ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ መረመርኩት። ፀጉሩን ከእጀታው ጋር የሚያያይዘው የብረት ቀለበት እንጨቱን በደንብ ጨምድዶ አልያዘም፤ የፀጉሩም ሥር ዳር ዳሩን እንጂ መሐሉን ሙጫ አልነካውም። ይሁን እንጂ ጥፋቱ የብሩሹ ብቻ አልነበረም። እኔ ብሩሾቼን የማጥበው ሙቅ ውሃ በሞላ ብርጭቆ ውስጥ ፀጉራቸውን ቁልቁል አድርጌ በመዘፍዘፍ ነበር። ሙቅ ውሃ ቀለበቱ ውስጥ ሲገባ ሙጫውን ያላላል፤ እንጨቱ ደግሞ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ይህ በተደጋገመ ቁጥር በእንጨቱና በቀለበቱ መካከል ክፍተት እየሰፋ ይሄዳል።

ብሩሽ መምረጥን ያስተማሩኝ በፒያሳ አንድ የውበት ሳሎን ውስጥ ለረጅም ዓመታት የሠሩ ሴት ናቸው፤ እትዬ እያልኩ ነው የምጠራቸው። ሱቅ ይዘውኝ ሄደው ለናሙና የተቀመጠውን ብሩሽ በአልኮል ከጠረጉ በኋላ መጀመሪያ ያሉኝ «ዓይንሽን ጨፍኚና ከዓይንሽ ሥር አስኪጂው» የሚል ነበር። በዚያ ቦታ ያለው ቆዳ ስስ በመሆኑ የእጅ ጀርባ የማያውቀውን ሻካራነት ያውቃል። ቀጥለውም ፀጉሩ መዳፍ ላይ ጫን ተደርጎ ሲለቀቅ ወደ ቅርፁ መመለሱን፣ በጣት ቀስ ተብሎ ሲሳብ አለመርገፉን፣ ቀለበቱና እጀታው በሁለት እጅ ተይዘው ሲጠመዘዙ አለመነቃነቃቸውን እንዴት እንደማረጋግጥ አሳዩኝ። በመጨረሻም ነጭ ሶፍት በውሃ አርሰው ጥቁሩን ፀጉር ሲጠርጉበት ሶፍቱ ግራጫ ሆነ። «ይኸውልሽ፣ ነገ ከፋውንዴሽኑ ጋር የሚቀላቀለው ይኼ ነው» አሉኝ፤ ብሩሹን መልሰን ወጣን።

የፀጉሩን ዓይነት መለየት ግን ከዚህ ሁሉ ይበልጣል። የተፈጥሮ ፀጉር፣ በተለይ በብዛት የሚሠራበት የፍየል ፀጉር፣ እንደ ሰው ፀጉር ሁሉ ላዩ በዓይን በማይታዩ ጥቃቅን ቅርፊቶች የተሸፈነ ነው፤ ፓውደሩ በእነዚህ ቅርፊቶች ተይዞ ይቆይና ፊት ላይ ጥቂት በጥቂት ይለቀቃል። ሰው ሠራሹ ፀጉር ከናይለን ወይም ከፖሊስተር ስለሚሠራ ላዩ ልሙጥ ነው፣ ፈሳሽም አይመጥም፤ ስለዚህ ለፋውንዴሽን፣ ጉድፍንና የዓይን ሥር ጥቁረትን ለሚሸፍነው ኮንሲለርና ለማንኛውም ክሬም የሚመረጠው እርሱ ነው። በፍየል ፀጉር ብሩሽ ፈሳሽ ፋውንዴሽን መቀባት ውዱን ፋውንዴሽን ለብሩሹ ማጠጣት ነው፤ እኔ ይህን ሳላውቅ ስንት ጠርሙስ እንዳባከንኩ ሳስብ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ጥሩ የተፈጥሮ ፀጉር ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ፣ ለሠርጓ ከዋሽንግተን የመጣች ሙሽራ ከመልሱ በኋላ የራሷን የፓውደር ብሩሽ ስትሰጠኝ ነው። ብሩሹ የተሠራው በጃፓን፣ በሂሮሺማ ግዛት በምትገኘው ኩማኖ ነበር። ኩማኖ ትንሽ ከተማ ብትሆንም በጃፓን ከሚሠሩት ብሩሾች 80 በመቶ ያህሉ የሚወጡት ከእርሷ ነው፤ የጃፓን መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ2011 የዓለም ዋንጫን ላሸነፉት የሴቶች እግር ኳስ ተጫዋቾች በስጦታ ያበረከተው የኩማኖን የሜካፕ ብሩሽ ነው። ይህን ብሩሽና የመርካቶውን መስኮት አጠገብ ጎን ለጎን ይዤ አየኋቸው። የመርካቶው ብሩሽ ክብ ቅርፁን ያገኘው በመቀስ ተከርክሞ በመሆኑ፣ እያንዳንዱ ፀጉር እንደታጨደ ገለባ ጫፉ ደንዝዟል። በኩማኖ ግን ፀጉሩ የሚቀረጸው ከሥሩ በአደራደሩ እንጂ ጫፉን በመቁረጥ አይደለም፤ ስለዚህም እያንዳንዱ ፀጉር ከእንስሳው ላይ እንደበቀለ ወደ ጫፉ እየሳሳ ይሄዳል። ፊት የሚወጋው የተቆረጠው ጫፍ ነው።

ከዚያ በኋላ በጥቅል መግዛት ትቼ አንድ አንድ እያልኩ ገዛሁ፤ በ2 ዓመት ውስጥ ከስጦታው ጋር 7 ሆኑልኝ። ፋውንዴሽን የምቀባው ጥቅጥቅ ባለ፣ ጫፉ ክብ በሆነ ሰው ሠራሽ ብሩሽ ነው፤ ኮንሲለሩንም በትንሹ ወንድሙ። ጉንጭን ለሚያቀላው ብላሽ ሰያፍ ጫፍ ያለው፣ ለዓይን ቆብ አንድ ጠፍጣፋና ሁለት ለስላሳ ብሩሾች አሉኝ። ከሁለቱ አንዱን ምንም ቀለም ሳላስነካው የዓይን ቆብ ቀለሙን፣ የአይሻዶውን፣ ዳርቻ ለማደብዘዝ ብቻ እጠቀምበታለሁ። በአንድ ብሩሽ ቀለምም መቀባት፣ ዳሩንም ማደብዘዝ የጭቃ መልክ እንደሚያመጣ የተማርኩት ብዙ ቆይቼ ነው።

በእኛ የቆዳ ቀለም ላይ ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚሻው ፓውደር ነው። ጥቅጥቅ ያለ ብሩሽ ብዙ ፓውደር በአንድ ቦታ ስለሚጥል ጠይም ፊት አመድ የተነፋበት ይመስላል፤ ይህም በክፍሉ ብርሃን ላይታይ ይችላል፣ የካሜራ ፍላሽ ሲበራ ግን ግንባሩና የዓይን ሥሩ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ፀጉሩ ሳሳ ያለውን ትልቁን ብሩሽ ፓውደሩ ላይ በስሱ አስነክቼ፣ እጀታውን መታ መታ በማድረግ ትርፉን አራግፌ፣ እጀታውን ከጫፉ አካባቢ ይዤ አስኬደዋለሁ። ቀለበቱ አጠገብ የያዘ እጅ ሳያስበው ይጫናል፤ ከጫፉ የያዘ እጅ መጫን ቢፈልግ እንኳ አይችልም።

አሁን ብሩሾቼን ለብ ባለ ውሃና በሕፃናት ሻምፖ፣ ፀጉራቸውን ወደ ታች አዘንብዬ፣ ቀለበቱን ሳላስነካ መዳፌ ላይ እያሸሁ አጥባለሁ። የማይለቅ ፋውንዴሽን ከሆነ አንድ ጠብታ የወይራ ዘይት አስቀድማለሁ። ከዚያ በፎጣ ጨምቄ ቅርፃቸውን አስተካክዬ፣ ፀጉሩ ከጠረጴዛው ጠርዝ ወጣ ብሎ አየር እንዲያገኝ አጋድሜ አስተኛቸዋለሁ። አዲስ አበባ በክረምት ጥቅጥቅ ያለው ብሩሽ በአንድ ሌሊት አይደርቅም፤ እርጥቡን ቦርሳ ውስጥ ብከተው ይሻግትብኛል፤ ስለዚህ በሐምሌና በነሐሴ ሥራ ካለኝ ከ2 ቀን በፊት አጥባለሁ።

ከአንዷ ሚዜ ወደ ሌላዋ ሳልፍ ብሩሹን መጀመሪያ በሶፍት ጠርጌ በ70 በመቶ አልኮል አጸዳለሁ። ከዚህ የጠነከረ አልኮል ጀርሞቹን ሳይገድል ቶሎ ይተናል፤ በ70 በመቶው ውስጥ ያለው ውሃ ግን አልኮሉ ጀርሞቹ ውስጥ እስኪዘልቅ ያቆየዋል። ዓይኗ የቀላ ወይም ከንፈሯ ላይ ቁስል ያላት ሚዜ ካጋጠመችኝ ግን ብሩሼን አላወጣም፤ በሚጣል የጥጥ እንጨት እሠራላታለሁ፣ ምክንያቱንም ለብቻዋ ጠርቼ እነግራታለሁ።

ከ24ቱ ብሩሾች ዛሬ በእጄ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ ለቅንድብ የምጠቀምበት ሰያፉና ቀጭኑ። በእትዬ ፈተና ሁሉ አልፏል፣ ቀለበቱም እስካሁን አልተነቃነቀም።