የአልካራዝ አጭር ኳስና የጎንደር ከፍታ

የስፔኑ ቴኒስ ተጫዋች ካርሎስ አልካራዝ እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ በዓለም ደረጃ ከመቶዎቹ ውጭ ነበር። በ2022 ዩኤስ ኦፕንን አሸንፎ ገና በ19 ዓመቱ የዓለም አንደኛ ሆነ። እንዴት ያለ ግስጋሴ ነው!

መረቡን እንዳለፈ ቅርብ የምታርፈው የአጭር ኳሱ (ድሮፕ ሾት) ምስጢር ዝግጅቱ ላይ ነው። ራኬቱን ለኃይለኛ ምት እንደሚያነሳ ሆኖ ወደ ኋላ ይስባል፤ ተጋጣሚው ሲያፈገፍግ በመጨረሻዋ ቅጽበት አያያዙን ቀይሮ ኳሱን ከሥር ይቆርጠዋል።

ጎንደር ላይ የምትሞክሩት ልጆች ግን ልብ በሉ፦ ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ኳስ ይፈጥናል፣ ከፍ ብሎም ይነጥራል፤ አጭር ያላችሁት ረዝሞ ለተጋጣሚ ሲሳይ ይሆናል። ለከፍታ የተሠራ ኳስ ፈልጉ፤ ከታጣ ትንሽ ያገለገለ ይሻላል። የራኬቱን ክር ከ1 እስከ 2 ኪሎ ጨምራችሁ አስወጥሩት። ኳሱ በተጋጣሚ ሜዳ መሃል ያለውን የሰርቪስ መስመር ሳያልፍ ሁለቴ ከነጠረ፣ ምቱ ልክ ነው።