ማርሚታውን ከመቁረጤ በፊት ይህን የነገረኝ ቢኖር

ስድስተኛ ማርሽ ላይ ነኝ። ፍጥነቴ 110 ነው፣ ሞተሩ በደቂቃ 2,400 ዙር ላይ ረግቷል። ነዳጁን ነካ አድርጌ ብቻ ነው የምነዳው። ያኔ አንድ ድምፅ መኪናው ውስጥ ሞላ። ጩኸት አይደለም። ጆሮን ከውስጥ የሚገፋ፣ ደረት ላይ የሚቀመጥ፣ ማቆሚያ የሌለው እምምምታ ነው። መስኮት ከፈትኩ፣ ባሰበት። ሬዲዮ አስጮህኩ፣ ሬዲዮውንም ዋጠው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ራስ ምታቴ ተነሳ። ያን ድምፅ ያመጣሁት እኔው ነኝ፣ በገዛ እጄ፣ በገዛ ግራይንደሬ።

መኪናዬ ባለ ሁለት መቀመጫ፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር ስፖርት መኪና ናት። ከኋላ ግራና ቀኝ ሁለት ማርሚታ፣ ማለትም የጭስ ማውጫውን ድምፅ የሚያፍን ሳጥን፣ አላት። ሞተሩ ጥሩ ዘፋኝ እንደሆነ ኮፈኑን ከፍቼ ስሰማው አውቃለሁ። ከኋላ የሚወጣው ድምፅ ግን የታፈነ ነበር። ሙሉ አዲስ ማርሚታ መግዛት አልፈለግኩም። የፋብሪካው ሥራ ጠንካራ ነው፣ ልኩም ከመኪናዋ ጋር ይገጥማል። ስለዚህ እሱኑ ከፍቼ ላሻሽለው ወሰንኩ። በዚህ ውሳኔ ዛሬም አልጸጸትም። የምጸጸተው በሌላ ነገር ነው።

ማውረዱ ቀላል ነው። ቡሎኖቹን ከአንድ ቀን በፊት የዝገት ማላቀቂያ ዘይት አጠጧቸው። መኪናውን በክሪክ አንሱ፣ ግን በክሪክ ብቻ ተማምናችሁ ከሥር እንዳትገቡ፣ በካቫሌቶ (በብረት መደገፊያ) ደግፉት። የማንጠልጠያ ጎማዎቹን በሳሙና ውሃ ካራሳችኋቸው ተንሸራተው ይወጣሉ። እዚያው መኪናው ላይ የምትበይዱት ነገር ካለ ባትሪውን ቀድማችሁ ንቀሉ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ስፌቱን ተከትዬ በቀጭን ዲስክ ከፈትኩት። መጀመሪያ የወጣው ውሃ ነው፣ ጥቁርና የሚሸት። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ ይወጣዋል። ሞተሩ ሲሞቅ በእንፋሎት ይሄዳል፣ በአጭር ጉዞ ግን ማርሚታው ውስጥ ይተኛል። ለዚህ ነው ከሆዱ ሥር የእርሳስ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ ያለችው። ዝገት የበሳት መስላኝ በብየዳ ልደፍናት ምንም አልቀረኝም። እንዳትነኳት። ቀጥሎ የመስታወት ሱፉ መጣ፣ እንደተቃጠለ ጥጥ ጠቁሮ የሚበናኝ። ማስክና ጓንት ሳታደርጉ አትክፈቱ። ቆዳ ላይ ካረፈ ለቀናት ያሳክካል።

ውስጡ ሦስት ክፍል ነበር። በሁለቱ ጋዙ በተበሳሱ ቱቦዎች ዞሮ ያልፋል። ሦስተኛው ግን ባዶ ነው። አንዲት አጭር ቱቦ ትገባለች፣ የሚወጣ የለም። ጋዝ አያልፍበትም። አብሮኝ የነበረው በያጅ አየና «ይሄ ዝም ብሎ ቦታ መያዣ ነው፣ አውጣው» አለኝ። እኔም ተስማማሁ። ክፍሉን ቆርጬ አወጣሁት። በምትኩ ከመግቢያው እስከ መውጫው 50 ሚሊ ሜትር ቱቦ በቀጥታ ዘረጋሁ። ሁለቱንም ማርሚታ በአንድ ቀን። ኦሪጅናሎቹን።

ማታ ሞተሩን ሳስነሳው ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ሚኒሞ ላይ፣ ነዳጅ ሳይነካ፣ ወፍራም፣ የሚያጓራ ድምፅ። ጫን ሲሉት ደግሞ እስከ ላይ የሚዘምር። ጓደኞቼ ቪዲዮ ቀረጹ። ማናችንም በተረጋጋ ፍጥነት አልነዳናትም። የመጀመሪያው ስህተት እሱ ነው። ቆሞ የሚሰማ ድምፅ ስለ ማርሚታ ምንም አይነግራችሁም። ረጅም መንገድ ላይ፣ በአንድ ማርሽ፣ በአንድ ዙር፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት ንዱ። ከዚያ ፍረዱ።

ያ ባዶ ክፍል ምን ይሠራ እንደነበር የገባኝ ካጠፋሁት በኋላ ነው። የጠርሙስ አፍ ላይ እፍ ስትሉ አንድ ዜማ ብቻ ይወጣል አይደል? ክፍሉም እንደዚያ ነው። በልኩ የተሠራለትን አንድ ዜማ ተቀብሎ ገልብጦ ይመልሰዋል፣ ሁለቱ ሲገናኙ ይጠፋፋሉ። መሐንዲሶቹ ያን ክፍል ያስቀመጡት ሰው ረጅም መንገድ የሚነዳበትን ዙር አስበው ነው። እኔ ቦታ መያዣ አልኩት።

በየጋራዡ ዞርኩ። አንዱ ሱፍ ጨምርበት አለኝ፣ ጨመርኩ። ምንም። ሱፍ የሚውጠው ቀጭኑንና ሹል የሆነውን ድምፅ ነው፣ ወፍራሙ እንደሌለ ቆጥሮት ያልፋል። ሌላው የጫፍ ቱቦውን ቀይር አለኝ፣ ቀየርኩ። ጫፍ መልክ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም።

በመጨረሻ ራሴ ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። ሂሳቡ ያን ያህል አይከብድም። ዙሩን በሲሊንደሩ ብዛት አባዙና ለ120 አካፍሉ። 2,400 ሲባዛ በ6፣ ሲካፈል ለ120፣ 120 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 120 ንዝረት፣ ይመጣል። መኪናው ውስጥ በስልኬ ስለካውም እዚያው አካባቢ ነበር። መድኃኒቱ ከዋናው ቱቦ ጎን የሚበየድ፣ ጫፉ የተደፈነ ቱቦ ነው። ርዝመቱ የዚያ ድምፅ ሞገድ ሩብ መሆን አለበት። ድምፁ ገብቶ፣ ከድፍኑ ጫፍ ተመልሶ ሲመጣ፣ ከዋናው ጋር ተጻራሪ ሆኖ ያጠፋዋል።

እዚህ ላይ ነው እስካሁን የሚያበግነኝ ነገር የመጣው። ሥራውን የሰጠሁት ባለሙያ ርዝመቱን 71 ሴንቲ ሜትር አደረገው። «በካልኩሌተር ነው የሠራሁት» አለ። ሠርቶታል፣ ግን የድምፅን ፍጥነት 343 ሜትር በሰከንድ ብሎ። እሱ የክፍል ሙቀት አየር ላይ ነው። ማርሚታው አካባቢ ያለው ጋዝ 300 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ድምፅ በሰከንድ 480 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ለ120 ኸርዝ የሚያስፈልገው አንድ ሜትር ነበር። የተበየደልኝ ቱቦ 2,400 ዙር ላይ የነበረውን እምምታ ሳይነካ ከ3,300 በላይ ያለውን ደስ የሚል ድምፅ በላው። ተመልሼ ስነግረው የሰማኝም አይመስል፣ «ጆሮህ ነው» አለኝ። የተናደድኩት ግን በራሴ ጭምር ነው። ሥራውን ለሰው ከመስጠቴ በፊት ስለ ድምፅ ፍጥነት አንድ መስመር ማንበብ እችል ነበር።

ሁለተኛውን ራሴ ሠራሁት፣ በየጎኑ አንድ አንድ። ጫፉን ወዲያው አልበየድኩትም። ወደ ውስጥና ወደ ውጭ የሚንሸራተት ክዳን አድርጌ በክላምፕ አሰርኩት፣ ነዳሁ፣ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ አሳጠርኩ፣ ደግሜ ነዳሁ። 97 ሴንቲ ሜትር ላይ እምምታው ጠፋ። ቀነሰ አላልኩም፣ ጠፋ። መኪናውን ዳር አቁሜ ወርጄ ቱቦውን በዓይኔ አየሁት፣ አላመንኩም። ዛሬም የምኮራበት ሥራ ነው።

ስለ ብየዳው አንድ ነገር ብቻ። የፋብሪካ ማርሚታ ላሜራ ብዙውን ጊዜ 409 የሚባለው ስቴይንለስ ነው፣ ማግኔት ይስበዋል። የምትገዙት ቱቦ 304 ከሆነ ማግኔት አይስበውም። ሁለቱን ለማጋጠም 309 ሽቦ ይጠቀሙ፣ መከላከያው ጋዝ፣ አርጎኑም፣ ከውጭ ብቻ ሳይሆን በቱቦው ውስጥም ይለፍ። ካልሆነ ስፌቱ ከጀርባው እንደ ስኳር ተፈርክሶ በኋላ ይሰነጠቃል።

የቴክኒክ ምርመራው ዕለት ሌላ ንዴት ነበር። የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 51 መኪናው ቆሞ ድምፁ ሲለካ ማይክሮፎኑ ከቱቦው አፍ ግማሽ ሜትር ርቆ፣ በ45 ዲግሪ ጎን፣ በአፉ ከፍታ ይሁን ይላል። መርማሪው ፊት ለፊት ደቀነው፣ ጋዙ በቀጥታ እየነፋበት። «በጎን ነው መሆን ያለበት» ስለው «ሥራዬን አያስተምሩኝ» አለ። አለቃው መጥቶ በትክክል ሲያስለካው ንባቡ 4 ዴሲቤል ወርዶ አለፍኩ። ደንቡን አትማችሁ ያዙ። ካታሊስቱን (የጭሱን መርዝ የሚቀንሰውን) ግን ማንም ምንም ቢላችሁ አትንኩት፣ ድምፁም ያለዚያ ይሰምራል።

የአምራቹ መጽሐፍ ማርሚታ አይከፈትም፣ ይቀየራል ይላል። እኔ ክፈቱት እላለሁ፣ ግን የራሳችሁን አይደለም። መጀመሪያ ያገለገለ ሌላ ጥንድ ግዙ፣ እሱን ቁረጡ፣ ኦሪጅናሉን በጨርቅ ጠቅልላችሁ መደርደሪያ ላይ አስቀምጡ። ቱቦውም ቀጭን ይሁን። ጋራዥ ሁሉ በሰፋ ቁጥር ይሻላል ይላችኋል። እኔ ዛሬ ብጀምር 50 ሳይሆን 38 ሚሊ ሜትር አስገባ ነበር፣ ያን ባዶ ክፍልም አልነካውም ነበር።

መኪናዋ አሁን ደስ ትላለች። 4,000 ዙር ስታልፍ ያለው ድምፅ የፈለግኩት ድምፅ ነው። 110 ላይ ደግሞ ከጎኔ ካለው ሰው ጋር ድምፄን ሳላነሳ አወራለሁ። ያልተቆረጠ ኦሪጅናል ጥንድ ግን እስካሁን እየፈለግኩ ነው።