ነጭ ዓሣ ወንዝ በሚወጣበት ክረምት መረቤን የት እዘረጋለሁ

ጣና ላይ ለአስጋሪ ከባዱ ወር የትኛው ነው ብትሉኝ ነሐሴ እላለሁ። መረቡ ባዶ ስለሚወጣ አይደለም፤ ያለ ልክ ስለሚሞላ ነው።

ክረምት ሲገባ ነጭ ዓሣ፣ ማለትም ብዙ ዝርያ ያለው የባርበስ ወገን፣ ከሐይቁ ተነስቶ በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭና በግልገል ዓባይ አፍ ላይ ይሰበሰባል። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት፣ ይልቁንም በነሐሴና በመስከረም፣ ሽቅብ ወጥቶ ጠጠር ባለበት ፈሳሽ ውሃ እንቁላሉን ይጥላል። ወንዝ አፍ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው በአንድ ሌሊት ጀልባውን ይሞላል፤ የሚያወጣው ግን ሆዷ በእንቁላል የተወጠረ እናት ዓሣ ነው። ነጭ ዓሣ ቀስ ብሎ የሚያድግ፣ ለመራባትም ዘግይቶ የሚደርስ በመሆኑ የአንድ ክረምት ጉዳት በዓመቱ አይተካም። የሞተር ጀልባና ረጃጅም መረብ በ1978 ዓ.ም. ገደማ ከገቡ በኋላ፣ ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ምርቱ በ75 በመቶ ገደማ ቀንሷል። አብዛኞቹ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ከጣና በቀር የትም የሉም፤ ይህን ሳስብ ያመኛል።

ነገሩን ያከበደው ገበያው ነው። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ትጾማለች፤ በጾም ዓሣ የሚበላ ሰው ስላለ፣ ዋጋው የሚወደደው ልክ ዓሣው ወንዝ አፍ ላይ በተሰበሰበበት ሰሞን ነው። ስለዚህ መረቤን ከወንዝ አፍ ከማንሳቴ በፊት የገንዘቤን ጊዜ ማስተካከል ነበረብኝ። ገበያው በሚሞቅበት በዐቢይ ጾም ዕቁብ ገባሁ፤ ዕጣው በሐምሌ እንዲደርሰኝም ከዳኛው ጋር ተስማማሁ። ክረምቱን ከወንዝ አፍ ርቄ፣ ዓይኑ ሰፊ በሆነ መረብ ቆሮሶ (ቲላፒያ) አስግራለሁ። ቆሮሶ ለመራባት ወንዝ አይወጣም፤ እንቁላሏን በአፏ ይዛ የምትፈለፍለው ሴቷ ግን ሣር የበዛበትን ዳርቻ ስለምትወድ ወደዚያም አልጠጋም።

ቀን ቆርጦ መረብ ማንሳት ብቻውን እንደማይበቃ ያየሁት ኋላ ነው። ዝናቡ ከዘገየ ዓሣውም ይዘገያል፤ ስለዚህ የምከተለው የወንዙን ሙላት እንጂ ቀን መቁጠሪያውን አይደለም። ወንዙ ደፍርሶ መሙላት ሲጀምር መረቤን ከወንዝ አፍ አነሣለሁ፤ ጎድሎ እስኪጠራም አልመለስም።

ሌላው ፍሬው ዓሣ የሚመርዝ ዛፍ የሆነው የብርብራ ጉዳይ ነው። ላይኛው ወንዝ ላይ ፍሬውን ወቅጠው ውሃ ውስጥ የሚበትኑ አሉ፤ እናቱም ጫጩቱም አብረው ያልቃሉ። እኛ አስጋሪዎች ታች ያሳለፍናትን ዓሣ እነርሱ ላይኛው ወንዝ ላይ ከጨረሷት ምኑን ጾምነው? ከአካባቢው ሽማግሌዎች ጋር ስንቀመጥ ግን መጀመሪያ የጠየቁን ስለ እኛ መረብ ነበር፤ ወንዝ አፍ ላይ እንደማንዘረጋ ካረጋገጡ በኋላ ነው ስለ ብርብራው መነጋገር የጀመርነው።