ቮልሷ ሳትሞቅ ስትቆም

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 11

ዛሬ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ወርዶ ነበር። ጋቢዬን እንደተከናነብኩ ወደ ቮልሷ ሄጄ የኋላ ኮፈኗን ከፈትኩና የዘይት መሙያውን ክዳን ፈታሁት። ከኅዳር ጀምሮ ይህ የጠዋት ልማዴ ሆኗል። ከውስጥ በኩል ጤዛ የመሰለ ስስ እርጥበት አለ፤ ዳር ዳሩ ላይም ትንሽ ነጣ ብሏል። የአምስት ቀን የትምህርት ቤት ምልልስ ያመጣው ነው። በጨርቅ ጠርጌ መለስኩት።

ከወር በፊት ያየሁት ግን ሌላ ነበር። ክዳኑን ስከፍት ነጭና ቢጫ የተቀላቀለበት ወፍራም ነገር፣ ቅቤው ያልወጣለት እርጎ የሚመስል፣ የመሙያውን አንገት ሞልቶት አገኘሁ። ይህች መኪና የአባቴ ናት። እርሱ ካረፈ ወዲህ ድምጿን በሰማሁ ቁጥር ከደጅ የሚገባ ይመስለኛል። ስለዚህ ያን ቀን የደነገጥኩት ለመኪና ብቻ አልነበረም።

የወሰድኳት ጋራዥ ክዳኑን አይቶ ወዲያው ፈረደ፦ «ውኃ ቀላቅላለች፤ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ሄዷል፤ ሞተሩ ይውረድ።» የሞተሩ ራስ ማሸጊያ ተበልቶ የማቀዝቀዣው ውኃ ወደ ዘይቱ ገብቷል ማለቱ ነው። ራዲያተር ላለው መኪና ሊሆን የሚችል ነው፤ እንዲያውም ሳይዘገይ መፈተሽ ያለበት ነገር ነው። ቮልስ ግን በነፋስ የምትቀዘቅዝ መኪና ናት። ራዲያተርም ውኃም የላትም። ታዲያ ውኃው ከየት መጣ?

ጥያቄዬን ይዤ የአባቴ ወዳጅ ወደነበሩ ጡረታ የወጡ መካኒክ ቤት ሄድኩ። ክዳኑን እንኳን አላዩትም።

«በቀን ምን ያህል ትነዳታለህ?»

«ከቤት ትምህርት ቤት ነው ጋሼ። ሁለት ኪሎ ሜትር ሄጄ ሁለት ኪሎ ሜትር እመለሳለሁ።»

«አባትህኮ በየሳምንቱ አንኮበር ይወጣባት ነበር» አሉኝና ወደ ማድ ቤቱ ጠቆሙኝ። «እንጀራ ሲጋገር የምጣዱን ክዳን አይተህ አታውቅም? ላቡ ሲንጠባጠብ?»

ነገሩ ይኸው ነው። ቤንዚን ሲቃጠል ውኃ ይወጣዋል፤ ከአንድ ሊትር ቤንዚን አንድ ሊትር ገደማ። አብዛኛው እንፋሎት ሆኖ በጭስ ማውጫው ይሄዳል። ጥቂቱ ግን በፒስተኑ ፋሻዎች፣ ማለትም ዙሪያውን በሚያሽጉት ቀለበቶች፣ በኩል ሾልኮ ዘይቱ ወዳለበት ይወርዳል፤ ሞተሩ ያረጀ ከሆነ ደግሞ ይበዛል። ዘይቱ በደንብ ሲሞቅ ያ እንፋሎት በመተንፈሻው ጎማ ወደ አየር ማጣሪያው ተስቦ ተመልሶ ይቃጠላል። ሳይሞቅ መኪናው ከቆመ ቀዝቃዛ ብረት ባገኘበት ሁሉ ውኃ ይሆናል። የቮልስ የዘይት መሙያ አንገት ከሞተሩ ሙቀት ከፍና ራቅ ብሎ ስለሚቆም ቀድሞ የሚያልበው እርሱ ነው። በዚህ ላይ ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ያ ብረት እንዴት እንደሚቀዘቅዝ እዚህ ላደረ ሰው አይነገርም።

ክዳኑ ላይ ያለው ነጭ ነገር ራሱ ያን ያህል አያስፈራም። የሚያስፈራው የማይታየው ነው። ውኃው ከዘይቱና ከቃጠሎው ትርፍ ጋር ሲሰነብት አሲድ ይፈጥራል፤ አሲዱም የተወለወለውን ብረት ከውስጥ ይበላል። መተንፈሻው ከተደፈነ ወይም በውርጭ ከረጋ ደግሞ ግፊቱ መውጫ ያጣና ዘይቱን በየማሸጊያው ይገፋዋል።

እኔ በበኩሌ ስሳሳላት እጎዳት ነበር። ጠዋት ጠዋት ግቢ ውስጥ አስነስቼ ለሩብ ሰዓት አቆማት ነበር፤ ለእርሷ ማሰቤ ነው። ሳይነዱት ቆሞ የሚሠራ ሞተር ግን ሙቀቱ ትንሽ ነው፤ ብርድ ላይ የሚገባው ብዙ ቤንዚንም ሳይቃጠል እየወረደ ዘይቱን ያቀጥነዋል። የሚሻለው አስነስቶ ጥቂት ቆይቶ፣ ሳያስጮኹ ቀስ ብሎ መንዳት ነው።

ጋሼ ምንጣፍ መሰል ጨርቅ መሬት ላይ አንጥፈው ከሥሯ ሲገቡ ሌላ ጉድለት ተገኘ። ቴርሞስታቷ የለችም። እንደ አኮርዲዮን እጥፋት ያላት ትንሽ ዕቃ ናት፤ ሞተሩ ከ65 እስከ 70 ዲግሪ ሲሞቅ ትለጠጥና የነፋሱን መዝጊያዎች ትከፍታለች፤ እስከዚያ ድረስ ነፋሱን ትይዘዋለች። ከዓመታት በፊት ሞተሩ የሆነ ቦታ ሲወርድ «ለእኛ አገር አያስፈልግም» ተብሎ ከነመዝጊያዎቹ ወጥቷል። ይህ አባባል ያናድደኛል። እኛ አገር ማለት ቆላ ብቻ ነው? ለሦስት ክረምት ያህል ሞተሯ ገና ሳይሞቅ ብርድ ሲነፋባት ኖራለች። መዝጊያዎቹንና ቴርሞስታቷን አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ፣ ሁለት ቀን ፈልጌ አገኘኋቸው።

መተንፈሻውን ጎማ አውጥተን በቤንዚን አጠብነው። ከመሙያው ወደ ታች የሚወርደው የውኃ ማፍሰሻ ቱቦ ጫፉ ላይ የተሰነጠቀች ጎማ አለችው፤ እርሷም በጭቃ ተደፍና ነበር። ስጨምቃት የወጣው ውኃ ብቻ ነው፤ ሦስት ማንኪያ ይሆናል። ዘይቱን፣ ሁለት ሊትር ተኩሉን፣ ደፍተን አዲስ ሞላን። ወንፊቱንም አጠብነው፤ ቮልስ የዘይት ፊልትሮ ስለሌላት ቆሻሻ የሚይዘው እርሱ ብቻ ነው። ከእንግዲህ ዘይት የምቀይረው ኪሎ ሜትር ቆጥሬ ሳይሆን በየሦስት ወሩ ነው።

ቅዳሜ ደግሞ የእርሷ ቀን ሆኗል። ዛሬ እናቴን ይዤ እስከ ጫጫ ሄጄ ተመለስኩ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሞተሩ ድምፅ ለዘብ ይላል፤ እናቴም ታውቀዋለች፤ ከአባቴ ጋር ስንት ጊዜ ሰምታዋለች። ግቢ ስንገባ ሞተሩን አጥፍቼ ክዳኑን በጨርቅ ይዤ ፈታሁት። ትኩስ የዘይት ሽታ ያለው ስስ እንፋሎት ወጣ። የጠዋቱ እርጥበት የለም፤ የነጣው ዳርም ደርቋል።

እናቴ ከመኪናው ሳትወርድ ጋቢዋን እየሰበሰበች «ሞቀች?» አለችኝ።

«ሞቃለች እማዬ።»