ከሐረጎ ቁልቁል

"ባንኩን ምን ሆነሽ ለቀቅሽው?" ይሉኛል እስከ ዛሬ። ደሴ ፒያሳ የማገኛቸው የድሮ የክፍል ጓደኞቼ፣ ኮምቦልቻ ልብስ ሊያሰፉ የሚመጡ ደንበኞች፣ ለቅሶ ቤት አጠገቤ የሚቀመጡ እናቶች ሳይቀሩ። ስቸኩል "መስፋት ስለምወድ" ብዬ አልፋለሁ። ሙሉው መልስ ግን ረዘም ይላል።

ተወልጄ ያደግኩት ደሴ ነው፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ። በሰፈሩ "ዝምተኛዋ" ነበር የምባለው። እንግዳ ሲመጣ ቡና አፈላለሁ፣ ሲኒውን አነሳለሁ፣ ተመልሼ ጓዳ እገባለሁ። ሰው "እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ!" ሲል እናቴ ደስ ይላታል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ አካውንቲንግ ደረሰኝ፣ ተማርኩት። ባንክ ማስታወቂያ ወጣ፣ ተቀጠርኩ። ክፉ ሥራ አልነበረም። ደመወዙ በቀኑ ይገባል፣ ባልደረቦቼም መልካም ሰዎች ነበሩ።

በ2014 ጥቅምት ጦርነቱ ወደ ደሴ ሲቃረብ ከቤት ወጣን። እናቴ የቤቱን ካርታ በነጠላዋ ጠቅልላ ያዘች። እኔ ዲግሪዬን በላስቲክ አድርጌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። በኮምቦልቻ፣ በከሚሴ አድርገን ደብረ ብርሃን አክስቴ ቤት ገባን። የአባቴ እህት ናት። የአባቴ ወገን ክርስቲያን፣ የእናቴ ወገን ሙስሊም ነው። ለወሎ ሰው ይሄ ማብራሪያ አይፈልግም።

የደብረ ብርሃን ብርድ ደሴ ላደገ ሰው እንኳን ይከብዳል። ከየቦታው ተፈናቅሎ የመጣው ሰው ብዙው የለበሰውን ብቻ ነበር የያዘው። በእርዳታ የተገኘው ልብስ ደግሞ አንዱን ይሰፋዋል፣ ሌላውን ይጠበዋል። አክስቴ በእግር የሚረገጥ አሮጌ የስፌት መኪና ነበራት። እሷ ስትሰፋ እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ የድሮውን ስፌት እፈታለሁ፣ ቁልፍ እተክላለሁ። አንድ ቀን ወገቧን አሟት "ነይ፣ እስቲ አንቺ እርገጪው" አለችኝ። ከዚያ በኋላ ወንበሩን አልመለስኩላትም። ዲግሪዬን ማንም አልጠየቀኝም። የምጠየቀው "ይቺን ሱሪ ለማታ ታደርሺልኛለሽ?" ነበር።

እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ አወራ ነበር። ልብስ የሚያመጣው ሰው መንገድ ላይ የደረሰበትን ይነግረኛል። እኔም እጠይቃለሁ፣ እመልሳለሁ፣ ሲያስቁኝ እስቃለሁ። አክስቴ ለእናቴ "ዝምተኛ የምትያት ልጅ ይቺን ነው?" አለቻት። እናቴም እያየችኝ ዝም አለች። ዝምታው ከደሜ ጋር የመጣ ይመስለን ነበር፣ ለእሷም ለእኔም። ለካ እስከዚያ ድረስ የማወራበት የራሴ ነገር አልነበረኝም።

ኅዳር መጨረሻ ከተማው ወደ መንግሥት እጅ ሲመለስ እኛም ተመለስን። ሥራ ጀመርኩ። እጄ ግን ጨርቅ ለምዷል። ብር እየቆጠርኩ የፊት ለፊቴ ሰው የኮቱ ትከሻ ልክ አለመሆኑን አያለሁ።

ባንኩን ለቅቄ ልብስ መስፋት እንደምፈልግ ለእናቴ የነገርኳት ቡና ላይ ነው። "በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል" አለችኝ። አልተከራከርኳትም፣ እውነቷን ነው። በርበሬ እየቸረቸረች ነው ያሳደገችን። ያን ሁሉ ካየን በኋላ ደግሞ ደመወዝ ለእሷ ትልቅ ዋስትና ነው። አቦሉም ቶናውም በዝምታ አለቀ። በረካው ላይ "እንግዲህ አብሽሪ፣ አላህ ያግዝሽ" አለችኝ። አሁንም ድረስ ሥራ ሲከብደኝ የምይዘው እሱን ነው።

ኮምቦልቻን የመረጥኩት አውቄ ነው። ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። ግን የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ስትወርድ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለህ። ደሴ መናኸሪያ ጃኬቱን እስከ አንገቱ ዘግቶ የገባው ተሳፋሪ ቁልቁለቱ ሳያልቅ ያወልቃል። ደሴ ላይ እኔ የእገሊት ልጅ፣ የባንክ ቤቷ፣ ዝምተኛዋ ነኝ። ኮምቦልቻ ግን የሠራተኛ ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቅ አለ፣ ቆዳ ፋብሪካ አለ፣ በ2009 የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፣ ሰው ከየቦታው ይመጣል። ማንነቴን የሚነግረኝ ሰው የሌለበት ቦታ ነበር የፈለግኩት። አብራኝ የምትሠራው ልጅ የፋብሪካ ልምድ አላት። እዚያ ቀኑን ሙሉ እጅጌ ብቻ ነበር የምትገጥመው። እኔ ጋ መጀመሪያ ሙሉ ሸሚዝ የሰፋች ቀን ሸሚዙን ደጋግማ እየገለበጠች ታየው ነበር።

አንድ ቀን አንዲት እናት የሟች ባለቤታቸውን ኮት ይዘው መጡ። ልጃቸው አሥራ አራት ዓመት ቢሆነው ነው። ኮቱን ሲለብስ ትከሻው እንዲሞላለት ሽቅብ ሰቅሎ ይቆማል። እሳቸው "ብቻ እንዳይቆረጥ፣ እንዳለ ይልበሰው" ይላሉ። የድሮዋ እኔ "እሺ" ብላ ትቀበል ነበር። "አይ እማማ፣ እንዲህማ አይሆንም" አልኳቸው። "ልጁ በአባቱ ኮት ውስጥ ጠፋ እኮ።" ከአፌ ሲወጣ እኔው ደነገጥኩ። እሳቸው ግን ልጁን ዞረው አዩትና "እውነትሽን ነው" አሉኝ። ሳልቆርጥ ትርፉን ወደ ውስጥ አጥፌ ሰፋሁት፣ ሲያድግ የሚፈታለት። ሲለካው ትከሻውን አወረደ። ያን ቀን ማታ ቤቴ ገብቼ ብዙ አሰብኩ።

ሁሉም እንዲህ ደስ አይልም። የቤት ኪራይ ቀን ሲደርስ፣ ሰው አሰፍቶ ሳይወስድ ሲቀር ባንኩ ትዝ ይለኛል። እሁድ ከሰዓት ብቻዬን ስሆን የደሴ ሰፈራችን ይናፍቀኛል። "ደፋር ነሽ" የሚሉኝ አሉ፣ እኔ ግን በድፍረት አልለውም። ቤቱን ቆልፈን የወጣን ቀን የምፈራው ብዙው ነገር ደርሶብኝ አልፏል።

ሰው መጀመሪያ ራሱን ማወቅ አለበት፣ ከዚያ ይመርጣል ይባላል። በእኔ የሆነው ተቃራኒው ነው። መጀመሪያ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ፣ ማን እንደሆንኩ ቀስ በቀስ መጣ። ቁጭ ብዬ ባስበው ኖሮ እስከ ዛሬም አላገኘውም ነበር። ታናሽ እህቴ ምን ልማር እያለች በየቀኑ ትደውላለች። "ክረምቱን እኔ ጋ ነይና አንድ ነገር በእጅሽ ሞክሪ፣ ስፌት ባይሆንም ግድ የለም" አልኳት። እናታችን ሁለተኛዋንም ልትነጥቂኝ ነው ብላ ተቆጥታኛለች።

አሁን ደግሞ አንድ ትምህርት ቤት የተማሪ ዩኒፎርም እንድሰፋለት ጠይቆኛል። ለእኔ ብዙ ነው። ተጨማሪ ሰው መቅጠር፣ ተጨማሪ መኪና መግዛት፣ ብድርም ይፈልጋል። ሰው ማስተዳደር እችል እንደሆነ አላውቅም፣ አድርጌው አላውቅማ። ትናንት እሺ አልኳቸው። ጨርቁ ሰኞ ይገባል።