የቤሬታው እጀታ

"እጀታው ከተቀየረማ የአባቴ ሽጉጥ መሆኑ ቀረ" እያለ አጎቴ ሲነጫነጭ ዋለ። ዛሬ ደብረ ማርቆስ፣ የቀንድ ዋንጫ ከሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ደጃፍ ተቀምጠን ነው።

ሽጉጡ የጣሊያን ሥሪት፣ ሞዴል 1934 ቤሬታ ነው፤ ፈቃድ አለው። አያቴ ከጣሊያን የማረኩት ነው ይባላል በቤታችን። የእጀታው የግራ ፕላስቲክ ተሰንጥቆ በሽቦ ታስሮ ነው የኖረው።

ሽማግሌው ካዝናውን አወጡ፣ ባዶ መሆኑን አዩ። እጀታውን የያዘችው በየጎኑ አንዲት ብሎን ብቻ ናት፤ የግራዋ ግን ዝጋ ካቻቢቴውን እምቢ አለች። ነጭ ጋዝ ጠብ አድርገውባት ቡናው እስኪፈላ ጠበቅናት። የበሬውን ቀንድ ቀድመው ቀቅለው፣ በጣውላ መሃል አስጨንቀው አቅንተውታል። የቀረው ሞረድ ነው፤ ትንሽ ሞርደው ይለካሉ፣ ደግሞ ይሞርዳሉ።

እኔ ዓይኔ ብረቱ ላይ ቀረ። 1937 ይላል፣ ከጎኑ በሮማውያን ቁጥር 15። ፋሺስቶች ሥልጣን ከያዙበት ከ1922 ጀምሮ የራሳቸውን ዘመን ይቆጥሩ ነበር (እንደ ፈረንጆቹ ነው ሁሉም)። ገና በ1941 ከደብረ ማርቆስ ተባረሩ! ቁጥሩ ግን ብረቱ ላይ እንደተመታ አለ።

አጎቴ ማጉረምረሙን ሲቀጥል ሽማግሌው ቀና አሉ፦ "አባትህ ሲማርኩት ፋብሪካው የኔ አይደለም ብለው ጣሉት እንዴ?"

ሳቅን። እውነትም በየቤቱ ስንት ምንሽር አለ፣ ሰደፉ በአገር እንጨት የተተካ! የአሮጌ መሣሪያ ሰብሳቢ ዋጋው ወደቀ ይል ይሆናል፤ ይበል። አሮጌዎቹን የእጀታ ፕላስቲኮች ግን፣ የፋብሪካው ምልክት አለባቸውና፣ አጎቴ በጨርቅ ቋጥሮ ኪሱ ከተታቸው።