አብሲሲክ አሲድ የምታዙ ሁሉ፣ መጀመሪያ ፌጦ ግዙ

በደብረ ብርሃን ዙሪያ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ በጥቅምትና በኅዳር ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ጸጥ ባለ ሌሊት አመዳይ ይወርዳል። ያዘረዘረ ገብስ በዚያ ሌሊት ውርጭ ከመታው በማግስቱ ደህና ይመስላል፤ ቀናት ሲያልፉ ግን ዛላው ይነጣል፣ ሲፈለፍሉት ፍሬ የለውም። የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴን በዚህ ላይ ነበር የሠራሁት። አብሲሲክ አሲድ የሚባለው የዕፅዋት ሆርሞን ገብስን ለብርድ ያጠነክረዋል ወይ? እኔን ያስጠነቀቀኝ ሰው አልነበረም፤ ከኋላዬ የምትመጡት እንደ እኔ እንዳትንገላቱ ነው የምጽፈው።

ሆርሞኑን ተክሉ ሲጠማና ሲበርደው ራሱ ያመርተዋል። የቅጠሉን ቀዳዳዎች ያዘጋል፣ ሴሎች ድርቀትን እንዲቋቋሙ የሚረዱ ፕሮቲኖችም እንዲመረቱ ያደርጋል። ውርጭ በአብዛኛው የሚገድለው በማድረቅ ነው፤ በረዶው ከሴሎቹ ውጭ ይሠራና ውሃቸውን እየሳበ ያወጣል። ስለዚህ ሆርሞኑ ቀድሞ ቢረጭ ተክሉ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል የሚለው ሐሳብ ከንቱ አይደለም።

የተለመደው ሥራ ብዙ አያስቸግርም። በማሰሮ ትዘራላችሁ፣ ቡቃያው ሁለት ቅጠል ሲያወጣ ትረጫላችሁ፣ በ4 ዲግሪ ታቆያላችሁ፣ ከዚያ የተቆረጠ ቅጠል በቱቦ አድርጋችሁ ቀስ በቀስ እያቀዘቀዛችሁ ከሴሎቹ የፈሰሰውን ጨው፣ ፈሳሹ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙን በሚለካው ኮንዳክቲቪቲ ሜትር ትለካላችሁ፤ ሴሉ በተጎዳ ቁጥር የሚያፈስሰው ጨው ይበዛል። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ። ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ላይ በየቱቦው ቅንጣት በረዶ ጨምሩ። ያለዚያ ውሃው ሳይረጋ ፈሳሽ እንደሆነ ይቀዘቅዛል፤ አንዱ ቱቦ ረግቶ ሌላው ሳይረጋ ቁጥሩ ሁሉ ይዘበራረቃል።

እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜን የሚያፈላው ኬሚካሉን ማስገባቱ ነው። የሚያስፈልገው መጠን ኢምንት ነው፤ 100 ማይክሮሞላር የሚባለውን የርጭት ጥንካሬ ለማዘጋጀት ለአንድ ሊትር 26 ሚሊግራም ገደማ ይበቃል። የግዢ ክፍሉ ግን በግራም ሲሰላ ይረክሳል ብሎ ሁሉንም በአንድ ትልቅ ብልቃጥ አዘዘው። እቃው ከደረሰ በኋላ አንዱ የቢሮ መስኮት «የዕድገት መቆጣጠሪያ ስለሆነ እንደ ፀረ ተባይ ፈቃድ ያስፈልገዋል» አለኝ። ሌላው መስኮት የላብራቶሪ ኬሚካል ስለሆነ አይመለከተንም ብሎ መለሰኝ። ሁለቱም ቃላቸውን በጽሑፍ ለመስጠት ፈቃደኛ አልነበሩም። ፈራሚው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ማኅተሙ ተቆልፎበታል፣ ነገ ይምጡ ሲባል ሰነበተ። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ውስጥ ይቀመጥ የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ብልቃጥ ያን ሁሉ ጊዜ በቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ከረመ። ይባስ ብሎ ለፍተሻ ከጥቁር ከረጢቱ አውጥተው፣ ቆብ ከፍተው፣ ከሌሎች ናሙናዎች ጋር ፀሐይ በሚያገኘው መስኮት ሥር ደርድረውት አየሁ።

«ጋሼ፣ ይህ ብርሃን ያበላሸዋል» አልኳቸው ኃላፊውን።

«ልጄ፣ ቆጥረን ነው የተረከብነው። አንዲት ብልቃጥ አትጎድልብህም።»

ሰውየው ክፉ አልነበሩም። ችግሩ እቃው ሳይጠፋ ሊበላሽ እንደሚችል የሚያውቅ ሰው በዚያ ሰንሰለት ውስጥ አንድም አለመኖሩ ነው። አልትራቫዮሌት ጨረር የሆርሞኑን ቅርጽ ለውጦ ሥራ የማይሠራ ያደርገዋል፤ ክብደቱና የኬሚካል ቀመሩ ግን አይለወጡም። በሚዛን አታገኙትም፣ በዓይን አትለዩትም።

የምለየው ፌጦ በመጠቀም ነው፤ ይህንን በየትኛውም መመሪያ ላይ አታገኙትም ይሆናል፣ እኔ ግን ከሻጩ የጥራት ምስክር ወረቀት ይልቅ እርሱን አምናለሁ። ሆርሞኑ በውሃ እምብዛም ስለማይሟሟ በትንሽ ኤታኖል አሟሙታችሁ በውሃ አቅጥኑት። በአንድ ሳህን ላይ ይህንን፣ በሌላው ላይ ያንኑ ያህል ኤታኖል ያለበት ውሃ ብቻ በወረቀት አርሳችሁ የፌጦ ዘር በትኑ። ዘሩ ወዲያው ልጋግ ያወጣል። በውሃው ሳህን በማግስቱ ነጫጭ ሥሮች ብቅ ይላሉ። ሆርሞኑ ሕይወት ካለው ቅርፊቱ ይሰነጠቃል እንጂ ሥሩ ቶሎ አይወጣም። የእኔ ሁለት ሳህኖች እኩል በቀሉ። ወቅቱ አለፈ፣ ገንዘቡም አብሮ ሄደ። ቀጥሎ ያዘዝኩት በትንንሽ ብልቃጥ ተከፋፍሎ ሲሆን፣ የፈቃዱን ደብዳቤ ትዕዛዙ ሳይላክ በፊት በእጄ ይዤ ነበር። ምርምሩ ይጽደቅና ፈቃዱ ይደርሳል የሚሏችሁን አትስሙ።

በደህናው ሆርሞን የተረጩት ቡቃያዎች ካልተረጩት ያነሰ ጨው አፈሰሱ፤ በዚህ እኮራለሁ። ወዲያው ግን ወደ ማሳ ውጣና እርጭ የሚል ግፊት መጣብኝ። እንቢ አልኩ። የውጭዎቹ ጥናቶች በብዛት የሚያወሩት በካናዳና በአውሮፓ በመጸው ተዘርቶ ቡቃያው በበረዶ ሥር ስለሚከርም እህል ነው። የእኛ ገብስ በሰኔ ተዘርቶ ውርጩ የሚያገኘው ሲያዘረዝርና ሲያብብ ነው። በሩዝ ላይ እንደታየው ደግሞ የአበባ ዱቄት በሚሠራበት ወቅት ብርድ የማይችሉት ዝርያዎች ይህንኑ ሆርሞን በአበባቸው ውስጥ ያከማቻሉ፣ ዱቄቱም ይመክናል፤ ብርድ የሚችሉት አያከማቹም። ቡቃያውን የሚያድነው ነገር ዛላውን ሊያመክን ይችላል ማለት ነው። ለገበሬው ቶሎ የሚደርስ ዘርና የተስተካከለ የዘር ወቅት ከዚህ ውድ ሆርሞን እጅግ ይሻላሉ።

ማሳ ላይ የምትሠሩ ከሆነ የአየር ጠባይ ጣቢያውን ቁጥር ብቻ ይዛችሁ ውርጭ አልነበረም አትበሉ። የጣቢያው ቴርሞሜትር በጥላ ሣጥን ውስጥ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል፤ በጠራ ሌሊት ዛላው ከእርሱ በብዙ ዲግሪ ይቀዘቅዛል። መለኪያችሁን በዛላው ቁመት ልክ ትከሉ። ቀዝቃዛ አየር ወደ ዝቅተኛው ቦታ ስለሚወርድም፣ የተረጨውንና ያልተረጨውን መደብ በተዳፋቱ ላይ እኩል ከፍታ ላይ ጎን ለጎን አድርጓቸው።